ሞተሩ ሳይሞቅ

ብሎን ለእሑድ ምሳ ወላጆቿ ቤት ስትደርስ አባቷ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው ጫማቸውን ሲቦርሹ አገኘቻቸው። የቆዳ ጃኬታቸውን ለብሰዋል። የከባድ መኪና ሹፌር በነበሩበት ዘመን ረጅም መንገድ ሲወጡ የሚለብሱት እሱን ነበር፤ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ግን ከቁም ሳጥን ወጥቶ አያውቅም።

«ወዴት ሊሄዱ ነው፣ አባባ?»

መልስ የለም። ቀረብ ብላ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ ደገመችው።

«ምን ያስጮህሻል፣ እሰማለሁ» አሉ። «ሚጣ መኪና ልትገዛ ነው። አባባ ሳያየው አልገዛም ብላ ድርቅ አለች። ምን ላድርግ፣ ልጅ ናት እኮ።»

ልጅ የተባለችው ሚጣ የብሎን ታናሽ እህት ናት። ለሠርግና ለስብሰባ አዳራሽ በአበባ የሚያስጌጥ የራሷ ድርጅት ያላት፣ ሠራተኞች የምታዝ፣ ሁለት ስልክ የምትይዝ ሴት ናት። አባቷ ፊት ስትደርስ ግን አሁንም ሚጣ ናት።

ብሎን ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ቆማ ቀረች። እሷ የምትሠራው የተሽከርካሪ ዓመታዊ ምርመራ ጣቢያ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው መኪና ሥር ገብታ፣ ፍሬኑን ፈትሻ፣ ጭሱን ለክታ «አልፏል» ወይም «ወድቋል» የምትል እሷ ናት። ብሎን የሚለውን ስም ያወጡላትም የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው፤ አንዴ ከጠበቀች አትላላም ብለው። የሰፈሩ ሰው መኪና ሊገዛ ሲል በሯን ያንኳኳል። የገዛ እህቷ ግን አልጠየቀቻትም። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል ማለት ይሄ ነው አለች በልቧ። ተረቱ ግን አላጽናናትም።

ቅናቱ የዛሬ አልነበረም። ብሎን በኩር ስለሆነች አባቷን «እርስዎ» እንድትል ተቆንጥጣ ነው ያደገችው። ሚጣ አፏን ስትፈታ «አንተ» አለች፣ ቤቱ ሁሉ ሳቀ፣ በዚያው ጸና። አባትየው ከመንገድ ሲመለሱ ብሎን የመሣሪያ ሳጥኑን ተሸክማ ከኋላ ከኋላቸው ትሄዳለች፤ ሚጣ ጭናቸው ላይ ተቀምጣ መሪ ትይዛለች። ሞተር ማዳመጥ የተማረችው ብሎን ናት። ስትሳም የኖረችው ሚጣ።

«እኔም እመጣለሁ» አለች ብሎን።

አባቷ ደስ አላቸው። «ነይ፣ ነይ። አንድ ነገር ትማሪያለሽ።»

እናትየው በወጥ ቤቱ መስኮት ብቅ አሉ። «ምሳው ሳይቀዘቅዝ ተመለሱ። ደግሞ በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ እንዳይሆንባችሁ።»

«ምን አለች?» አሉ አባትየው።

«ቶሎ ተመለሱ አሉ» አለች ብሎን።

መኪናው የአንድ የመድኃኒት ቤት ባለቤት ንብረት ነበር። የሰውዬው ግቢም መድኃኒት ቤት ይመስላል፤ ታጥቧል፣ ተወልውሏል፣ የውሃ ጎማው ሳይቀር ተጠቅልሎ ተሰቅሏል። መኪናው መሃል ላይ ቆሟል። ጠቆር ያለ ሰማያዊ፣ ባለ አራት በር፣ ከፊቱ ዝቅ ከኋላው ቀና ያለ፣ ለቤተሰብ ሊሠሩት ጀምረው ለሩጫ ሐሳባቸውን የቀየሩበት የሚመስል ስፖርት አውቶሞቢል። ሚጣ ቀድማ ደርሳ ትዞረዋለች። እህቷን ስታይ ፈገግታዋ ትንሽ ሸሸ።

«እታለም፣ አንቺም መጣሽ?»

«ምነው፣ ልመለስ?»

«ኧረ እኔ ምን አልኩ።»

ብሎን መዳፏን ኮፈኑ ላይ አሳረፈች። ሞቋል። እነሱ ሳይመጡ ሞተሩ ተነስቶ ነበር ማለት ነው። ይህን በልቧ ያዘችና ማንም ሳይጠይቃት ሥራዋን ጀመረች። ጎንበስ ብላ የበሮቹን ክፍተት አየች፤ ከላይ እስከ ታች እኩል ነው። ቀለሙን ከጎን በብርሃን አየችው፤ ስቱኮ የተሞላበት፣ እንደገና የተቀባ ቦታ የለም። ጎማዎቹ እኩል ተበልተዋል። ምንጣፉን ገልጣ ዝገት ፈለገች። ወንበሩ ሥር ጎንበስ ብላ አሸተተች፤ ውሃ ገብቶበት የሚያውቅ መኪና ሽታው አይለቅም፣ ይሄ ግን የለውም። ባዶ እጇን በተመለሰች ቁጥር ደስ ሊላት ሲገባ ከፋት። ጣቢያው ላይ መኪና ሲወድቅ ለባለቤቱ ታዝናለች፤ እዚህ ግን የእህቷ ዓይን ሲያበራ ባየች ቁጥር አንድ የተሰነጠቀ፣ አንድ የሚያፈስ ነገር እንዲወጣ ትመኛለች።

«የዕቃ መጫኛው ጠባብ ነው» አለች በመጨረሻ። «አበባ የት ልታደርጊ ነው?»

«አበባውን ሠራተኞቼ በፒካፕ ይወስዱታል። ይሄ ለእኔ ነው» አለች ሚጣ።

ለእኔ። ብሎን እስከ ዛሬ ሥራ የምትሄደው በአውቶብስ ነው።

«በሉ ይነሳ» አሉ አባትየው። ሰውዬው ገብቶ አስነሳ፤ ኮፈኑ ተከፈተ። ሽማግሌው አንድ እጃቸውን ጠርዙ ላይ አሳርፈው፣ አንገታቸውን ዘመም፣ ዓይናቸውን ጨፈን አደረጉ። በሹፌርነታቸው ዘመን ጓደኞቻቸው «ጆሮ» ነበር የሚሏቸው። መካኒክ የተሟገተበትን ሞተር እንዲህ ቆመው አዳምጠው ይፈርዱ ነበር።

«ነዳጅ ይስጡት። አሁን ይልቀቁት።»

ሰውዬው ረግጦ ለቀቀ። ድምፁ ወደ ታች ሲመለስ ብሎን ሰማችው። ከሞተሩ ኋላ፣ ከውስጥ፣ ጣሳ ውስጥ እንደሚንኮሻኮሽ ደረቅ አተር ያለ፣ ብቅ ብሎ የሚጠፋ ድምፅ። ካቴናው፣ የሞተሩ የውስጥ ሰንሰለት፣ ላልቷል። አንድ ቀን ጥርሱን ከዘለለ የሞተሩ ሆድ ዕቃ እርስ በርሱ ይጋጫል፤ ከዚያ ወዲያ መኪናው ቆንጆ ቆርቆሮ ነው።

አባቷን አየች። ሰምተውታል ብላ ቅንድባቸው እስኪነሳ ጠበቀች። አልተነሳም።

«አንዴ ይድገሙት» አሉ። ተደገመ፤ አተሩም ተንኮሻኮሸ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ገልጠው ቀና አሉ። ፊታቸው ላይ ከስንት ጊዜ በኋላ የታየ እርካታ ነበር።

«እንደ ግድግዳ ሰዓት ነው የሚሄደው። ሞተሩ ጤነኛ ነው።»

ብሎን ያኔ ገባት። ቴሌቪዥኑ ጎረቤት እስኪሰማው ድረስ የሚከፈተው፣ «የዘንድሮ ሰው ሁሉ ወሬው ሹክሹክታ ሆነ» የሚሉት፣ ሲጠሯቸው ዘወር የማይሉት፣ ቤተሰቡ እንደ ቀልድ የሳቀበት ሁሉ አንድ ነገር ነበር። አባቷ አይሰሙም።

ሚጣ አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። «የአባባ ጆሮ እያለልኝ ኮምፒውተር ምን ያደርግልኛል።»

ብሎን አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። ብትናገር አባቷ ባዕድ ሰው ፊት ይዋረዳሉ። ዝም ብትል መኪናው አንድ ቀን መንገድ ላይ ይቆማል፣ ሚጣም ማንን መጠየቅ እንደነበረባት ታውቃለች። ሁለቱ ሐሳቦች እኩል መጡባት፤ አፏን የያዘው የትኛው እንደሆነ ራሷም አልለየችውም።

ሊሞክሩት ወጡ። ሚጣ መሪ ያዘች፣ አባትየው ከፊት ተቀመጡ፣ ብሎንና ሻጩ ከኋላ ተጣበቡ። ሜዳማው መንገድ ላይ ሲደርሱ መኪናው ተፈተለከ፤ ሁሉንም ከወንበሩ ጋር አጣበቃቸው። ሽማግሌው ሳቁ። ብሎን እንዲህ ሲስቁ ከሰማቻቸው ዓመታት አልፈዋል፤ ያኔም ቢሆን ያሳቀቻቸው ሚጣ ነበረች።

«ጠዋት ሲነሳ ድምፅ አለው?» አለችው ሰውዬውን ዝቅ ባለ ድምፅ።

«የምን ድምፅ?»

«እርስዎ ያውቁታል።»

ወደ መስኮቱ ዞረ። «ትንሽ አለው። እስኪሞቅ ነው፤ ሲሞቅ ይጠፋል።»

«ለዚያ ነው እኛ ሳንመጣ ያሞቁት?»

«እህቴ፣ ሙያዎ ምንድን ነው?»

«መኪና መርማሪ ነኝ።»

ሰውዬው ወደ እሷ ዞረ። በአገጩ ወደ ፊት ወንበር ጠቆመ። «አባትዎ ግን ጤነኛ ነው ብለዋል።»

«አዎ» አለች ብሎን። «ብለዋል።»

ከፊት የተቀመጡት ይህን አልሰሙም። አንዷ ልቧ መንገዱ ላይ ነው፤ ሌላው ጆሮ የላቸውም። ሲመለሱ ሚጣና ሻጩ በማግስቱ ጠዋት ውል ሊፈራረሙ ተጨባብጠው ተለያዩ።

ምሳ ላይ አባትየው ስለ ሞተሩ ሲያወሩ ሾርባቸው ቀዘቀዘ። «ከተጋባን ጀምሮ ስለ እኔ እንዲህ አውርቶ አያውቅም» አሉ እናትየው። ሚጣ ሳቀች፣ አባቷ ትከሻ ላይ ተደገፈች፣ ውሃ ቀዳችላቸው። ብሎን የበላችው ምን እንደሆነ አታውቅም።

ሳህን ለማጠብ ሁለቱ ብቻ ወጥ ቤት ቀሩ። ብሎን ታጥባለች፣ ሚጣ ታደርቃለች።

«ለምን እኔን አልጠየቅሽኝም?» አለች ብሎን ሳትዞር።

«ብጠይቅሽ አትግዢ ትይኛለሽ። መኪናውን ሳታዪው።»

«እንዲህ ነው የምታስቢኝ?»

«ሱቄን የከፈትኩ ቀን ሰው ሁሉ እንኳን ደስ አለሽ ሲለኝ፣ አንቺ ቀና ብለሽ ጣሪያው ያፈሳል አልሽ።»

«ያፈስ ነበር።»

«ያፈስ ነበር፣ እታለም። ግን መጀመሪያ ያልሽው እሱን ነው።»

ብሎን የታጠበውን ሳህን ደግማ ሳሙና ቀባችው። ውሃው ይፈሳል። ከዚያ እውነቱን በማይሆን ሰዓት ተናገረችው። «የሞተሩ ካቴና ላልቷል። እንዳትገዢው።»

ሚጣ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠች። «አየሽ?»

«በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ። ሰውዬውንም ጠይቄው አምኗል።»

«አባባ አልሰማውም።»

«አባባ አይሰሙም፣ ሚጣ። ጆሯቸው ሄዷል።»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። ሚጣ ቆማ አየቻት፤ ስትናገር ድምጿ ዝቅ ብሎ ነበር። «የእኔ በሆነ ነገር ሁሉ እንከን ታወጪያለሽ፤ ለምጄዋለሁ። አሁን ደግሞ አባባ ላይ? መኪና ስላየልኝ?»

ፎጣውን ሰቅላ ወጣች።

ብሎን ወደ ቤቷ በሚመልሳት አውቶብስ ውስጥ መስኮቱን ተደግፋ ተቀመጠች። ትግዛውና ትየው፣ አለች። ሰማያዊው መኪና ጭው ያለ መንገድ ዳር ቆሞ፣ ኮፈኑ ተከፍቶ፣ ሚጣ በባለ ተረከዝ ጫማዋ ጠጠር ላይ ቆማ ስልክ ስትደውል ታያት። ስዕሉ ጣማት። ደጋግማ አየችው፤ ጭስ ጨመረችበት፣ ዝናብ ጨመረችበት። ከዚያ የፊት ወንበሩን አየች። አባቷ እዚያ ተቀምጠዋል፤ ከሚጣ ጎን ሌላ የት ይቀመጣሉ? ጃኬታቸውን እንደለበሱ፣ የተናገሩትን እያስታወሱ። ስዕሉ መረራት። ስልኳን አወጣች።

«ዘጋሽብኝ አልዘጋሽብኝ አንድ ነገር ስሚኝ» አለች ሚጣ ስታነሳው። «ነገ ከመፈረምሽ በፊት ሰውዬው ሞተሩን እንዳያስነሳ ንገሪው። ኮፈኑን በእጅሽ ንኪው፤ ቀዝቃዛ ከሆነ ብቻ ይነሳ። አባባንም ይዘሽ ነይ። ሥራ ከመግባቴ በፊት እደርሳለሁ። አንድ ቃል አልናገርም።»

ሚጣ ስልኩን አልዘጋችም። «አንድ ቃል?»

«አንድም።»

በማግስቱ ጠዋት ጤዛው መኪናው ላይ ገና አልደረቀም። ሻጩ ብሎንን ሲያይ ደረቅ ሰላምታ ሰጠና ቁልፉን ይዞ ቆመ። ሚጣ ኮፈኑን ነካችው፤ እርጥብ መዳፏን አይታ በአንገቷ ምልክት ሰጠች። ሞተሩ ተነሳ።

በዚህ ጊዜ ድምፁ አልተደበቀም። ካቴናው ብረት ሣጥን ውስጥ እንደተጣለ ቁልፍ ተንጫጫ፤ መካኒክ ያልሆነ ሰው እንኳ የሚሰማው ነው። የሚጣ ፊት ተለዋወጠ።

«አባባ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ምኑ?» አሉ አባትየው። አንገታቸውን ዘመም አድርገው እያዳመጡ ነበር፤ ፊታቸው ላይ ምንም የለም። «ትናንት ነገርኩሽ እኮ።»

ሚጣ ቀስ ብላ ወደ እህቷ ዞረች። ብሎን ቃሏን ጠብቃ ዝም አለች። «ነግሬሽ ነበር» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሌሊቱን ሙሉ ያሰበችውም እሱን ነው። የአባቷ እጅ ጠርዙ ላይ እንዳረፈ አየችና ዋጠችው። የሥራ ቦርሳዋን ከፍታ ረጅሙን ካቻቢቴ አወጣች፣ በሱሪዋ ጠርጋ ለአባቷ አቀበለቻቸው።

ሽማግሌው ካቻቢቴውን አዩት፣ እሷን አዩዋት። ሞተር የሚንጫጫበት ጋራዥ ውስጥ ድምፅ የሚለየው እንዲህ እንደነበር እሳቸው አይረሱትም። ጫፉን ሞተሩ ላይ ተከሉ፣ እጀታውን ከጆሯቸው ኋላ ባለው አጥንት ላይ ጫን አደረጉ። ጆሮ የማይሰማውን አጥንት ይሰማል። ዓይናቸው ድንገት ተገለጠ። ከዚያ መልሰው ጨፈኑት፤ ሰምተው ከጨረሱም በኋላ ጎንበስ እንዳሉ ቆዩ።

«ያጥፉት» አሉ ቀና ሲሉ። «ካቴናው ላልቷል። የሞቀ ሞተር ይዋሻል፣ ጌታዬ፤ እርስዎ ደግሞ አሞቁት።»

ሻጩ ከንፈሩን ነከሰ እንጂ አልተከራከረም።

«ትናንት ሞቆ ስለነበር ነው ያመለጠኝ» አሉ አባትየው። ይህን ያሉት ካቻቢቴውን እያዩ ነበር።

ሚጣ አቀፈቻቸው። «ባንተ ዳንኩ፣ አባባ።» በትከሻቸው ላይ ዓይኗ ከእህቷ ዓይን ጋር ተገናኘ፤ ቀድማ የሰበረችው ሚጣ ናት። ብሎን አንድ ቃል ጠበቀች። አልመጣም። ካቻቢቴዋን ተቀብላ አውቶብስ ፌርማታው ድረስ ሄደች፤ ዓይኗ እያቃጠላት ነበር።

ሻጩ መኪናውን ጋራዥ አስገባው። ሲከፈት ካቴናውን የሚወጥረው ዕቃ አልቆ ተገኘ፤ በራሱ ወጪ አስቀየረው። ሚጣ ጠዋት ሞተሩ ሳይሞቅ ሄዳ ራሷ አስነስታ ሰማችውና ገዛችው። የቀረው ሁሉ ደህና ነበር፤ ብሎን ያን እሑድ አንድ በአንድ እንዳየችው።

ወሬው ግን ሌላ መንገድ ያዘ። አንድ ቀን ጣቢያው ላይ መኪናውን ለምርመራ ያመጣ ሰው፣ «አንድ ሽማግሌ አሉ አሉ፣ በካቻቢቴ ብቻ አዳምጠው ልጃቸውን ከኪሳራ ያዳኑ። ድሮም ጆሮ ነበር የሚባሉት» አላት።

«ሰምቻለሁ» አለች ብሎን፣ የፊት መብራቱን እየሞከረች። «ፍሬቻ አብራ።»

ከዚያ በኋላ በነበረው ሳምንት አባቷ ሳይነግሯት ጣቢያው መጡ። በምሳ ሰዓት ወጥታ አግዳሚው ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ጃኬቱን አልለበሱም። ጎናቸው ተቀመጠች። ሁለቱም የሚገቡትን መኪኖች አዩ።

«ያን እሑድ ሰምተሽው ነበር፣ አይደል?» አሉ።

«አዎ፣ አባባ።»

«ምነው ዝም አልሽኝ?»

«ሰው ፊት ነበሩ» አለች ድምጿን ከፍ አድርጋ። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ። ሌላውን ግማሽ ለራሷ አስቀረችው። አባቷ አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ግማሽ መሆኑን ያውቁ ይሁን አያውቁ አልገባትም።

«የጆሮ ሐኪም ጋ ውሰጂኝ። ለሚጣ አትንገሪያት፤ ትደነግጣለች።»

ሚጣ እንደምታውቅ ልትነግራቸው ትችል ነበር። አልነገረቻቸውም። «በእሷ መኪና ብንሄድ ይመችዎት ነበር» አለች፣ ልትፈትናቸው።

«በአውቶብስ» አሉ። «ካንቺ ጋር።»

ሐኪሙ ጆሯቸውን አይቶ፣ በመሣሪያ ለክቶ፣ የውስጡ አልሞተም፣ መስሚያ ይረዳዎታል አላቸው። ለመስሚያው ልክ እስኪወሰድ ኮሪደሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሲጠብቁ የብሎን ስልክ ጠራ። ሚጣ ነበረች።

«እታለም፣ እማማ አባባ ካንቺ ጋር ነው አለችኝ። የት ናችሁ? መኪና ይዣለሁ፣ መጥቼ ልውሰዳችሁ።»

አባትየው ስልኩ ላይ የወጣውን ስም አንብበው ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ገበያ ነን» አለች ብሎን። «በእግራችን ነን። አትምጪ።»

«ቆይ፣ እታለም» አለች ሚጣ። ልትናገር የጀመረችው ሌላ ነገር ያለ ይመስል ነበር። «ስለዚያ ቀን...»

«ቆይተሽ ደውይልኝ» አለቻትና ዘጋችው። አባቷ እጃቸውን ክንዷ ላይ አሳረፉ። እህቷ መኪና ውስጥ ብቻዋን ስልኩን እያየች እንደቀረች ታውቃለች። ልታፍርበት ይገባ ነበር፤ ደስ አላት።